ለጽሑፍ መልሱ ጽሑፍ ነው
(ኮልፌ ላይ ለተሰባሰቡ ወጣቶች የቀረበ ንግግር)



በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች ልሳን ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጥቂት ገጾች ጻፈ። ወደድነውም ጠላነውም፣ ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም በዚያች ጽሑፍ እንጨቃጨቃለን። እኛስ? ኮሜንት ላይ እየተሳደብን ነው። ስድብ ደግሞ ነገ ይረሳል።

ጽሑፉን ሳታነብ የምትረግመው ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንብበው። አቋሙን ሳይሸፋፍን ይናገራል። የሚቃወሙትን አስቀድሞ አስቦ ይመልሳል። ደካማ ጎኑም እዚያው አለ፦ ጥቅል አነጋገርና የትንተና ጉድለት ሊኖርበት እንደሚችል ራሱ መግቢያው ላይ ይናገራል። ልትሞግተው ከፈለግህ በሩ ያ ነው፤ ማስረጃ ይዘህ ግባ።

ሌላም አለ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ነቅፈው ብቻ አላቆሙም። የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ ይለይ፣ ግብር በልክ ይወሰን ብለው መፍትሔ አቀረቡ። ነቀፋማ ማንም ይችላል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። «ሥራ አጥነት ይቀረፍ» አቋም አይደለም። ማን ይቃወመዋል? «ለወጣት ማኅበራት የሚሰጥ የመሥሪያ ሼድ በኮሚቴ ሳይሆን በዕጣ ይሰጥ» ግን አቋም ነው፤ የሚቃወመው አለና። እንግዲህ ሥራ ጀመርክ ማለት ነው። ስንት ሼድ አለ? ስንት ማኅበር ተመዝግቦ ይጠብቃል? ባዶውን የተቆለፈው የትኛው ነው? ሄደህ ቁጠር፣ ጠይቅ፣ ቀኑን ጻፍ። «ይባላል» ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥሎ የተቃዋሚህን ጠንካራ ነጥብ አምጣ፤ ደካማውን መርጠህ አትምታ። «በዕጣ ከሆነ ሙያ ለሌለው ይደርሳል» ይልሃል። እውነት አለው። ስለዚህ ሐሳብህን አስተካክል፦ ዕጣ ውስጥ የሚገቡት የሙያ ምዘና ያለፉት ብቻ ይሁኑ። አየህ፣ ተቃዋሚህ ጽሑፍህን አጠነከረልህ።

መጨረሻ ላይ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ያድርግ የሚለውን በግልጽ አስቀምጥ። ሁለት ገጽ ይበቃል። ስምህን ጻፍበት፤ በፌክ አካውንት የተጻፈ ነገር ማንንም አያሳምንም።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ዲግሪያችን እንጀራ ባይሰጠንም ማንበብና መጻፍ አስተምሮናል። ይህን ማንም አይቀማንም። እስከ ሳምንት እያንዳንዳችሁ አንድ አቋም፣ ሦስት ማስረጃና አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ጽፋችሁ ኑ። ያኔ እንከራከራለን።