የሜዳ ስፋትና የአጨዋወት ዘዴ



የእግር ኳስ ሕግ የሜዳው ርዝመት ከ90 እስከ 120፥ ወርዱ ከ45 እስከ 90 ሜትር እንዲሆን ይፈቅዳል። በትንሹ ሜዳ ለአንድ ተጫዋች 184 ካሬ ሜትር ሲደርሰው፥ በሰፊው ወደ 490 ይደርሰዋል። ታዲያ ጨዋታው እንዴት አንድ ይሆናል?

እኛ በአቃቂ ቃሊቲ በፋብሪካና በቤት መካከል በተረፈ ጠባብ ሜዳ ስለምንለማመድ፥ ኳስ ከእግራችን አትርቅም፤ ተከላካዮቻችንም ተጠጋግተው ይቆማሉ። እዚያ በእጅ የተወረወረ ኳስ እንኳ ጎል አፍ ይደርሳል። በሰፊ ሜዳ ግን በተከላካዮች መካከል ክፍተት ይበዛል፤ ክንፎቹ መስመር ይዘው ረጅም ኳስ መጠበቅ አለባቸው። ሩጫውም ትንፋሽ ይፈጃል (ከልምምድ የሚቀሩ ወንድሞቻችን ይህን ያውቁታል)።

ስለዚህ ለሚመጣው ግጥሚያ አሥራ አንዱ ከመመረጣቸው በፊት ሜዳው ይለካ። ሰፊ ከሆነ ሁለቱ ክንፎች በዝና ሳይሆን በሩጫ ይመረጡ እንላለን።