በከብት እርባታ ሥራ የገዢን አመኔታ ስለ መጠበቅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጨርቅ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግቶ ያየዋል፤ ጤፍ የሚሸምትም ከጆንያው ዘግኖ በመዳፉ ላይ ይመረምረዋል። ጊደር የሚገዛ ሰው ግን የሚገዛው በዓይን የማይታየውን ነው። ወተቷ ገና አልታለበም፤ ማሕፀኗም አልተፈተነም። ብትፀንስ እንኳ የእርግዝናዋ ዘመን ከዘጠኝ ወር በላይ ስለሆነ፣ ገዢው ምን እንደ ገዛ የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስለዚህ በሽያጩ ዕለት ከእኛ የሚገዛው ከከብቲቱ ይልቅ ቃላችንን ነው ለማለት ይቻላል። ስለ ደንበኛ አያያዝ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በቅድሚያ ትዝ ያለኝ ይኸው ነበር።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን፣ አንዲት አረጋዊት እናት ወተት ሸጠው ለመተዳደር አስበው አንዲት የሆልስታይን ክልስ ጊደር ገዙኝ። ጊደሪቱ ቁመናዋ ያማረ፣ ጠጉሯ የሚያብረቀርቅ ነበረች። ነገር ግን ከወንድ ጋር መንታ ሆና መወለዷን አውቅ ነበር። ወንድና ሴት ጥጆች በአንድ ማሕፀን ሲያድጉ የእንግዴ ልጆቻቸው የደም ሥሮች አብዛኛውን ጊዜ ስለሚገናኙ፣ ከወንዱ የሚተላለፈው ነገር የሴቷን የመራቢያ አካል እድገት ያሰናክላል። ከእንደዚህ ያሉት ጊደሮች ከመቶ ዘጠና ያህሉ መሲና ሆነው ይቀራሉ። ይህን እያወቅሁ፣ «አልጠየቁኝም» በሚል ምክንያት ኅሊናዬን አስተኝቼ ዝም አልኩ።

ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው መጡ። ጊደሪቱ አንድም ቀን ኮርማ አልፈለገችም፤ ምክንያቱንም ከእረኛችን ሰምተዋል። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ልጄ፣ መሲና መሆኗስ የእግዜር ሥራ ነው፤ መንታ መሆኗን ግን ለምን ሸሸግኸኝ?» አሉኝ። በምትኳ እርጉዝ ጊደር ሰጠኋቸው። ያን ሁሉ ጊዜ የገዙትን ድርቆሽና ፉርሽካ ግን ለመክፈል አቅም አልነበረኝም። ከዚያ ሰፈርም ለብዙ ዘመን ገዢ አልመጣልኝም።

ከዚህ የተማርኩትን በሦስት ነጥብ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ጉድለት ከሽያጭ በፊት ይነገር። የትውልድ ቀን፣ የእናትና የአባት ቁጥር፣ ክትባት፣ የተዳቀለችበት ቀን፣ ጨንግፋም እንደሆነ ይኸው በጽሑፍ ለገዢው ይሰጥ። ከወንድ ጋር መንታ የሆነች ጊደር በሐኪም ሳትመረመር ለእርባታ አትሸጥ።

ሁለተኛ፣ ከብቲቱ ለገዢው አቅም የምትስማማ ትሁን። የውጭ አገር ዝርያ ደም በበዛ መጠን የመኖውና የሕክምናው ፍላጎትም ይበዛል። ከገለባ በቀር ለሌለው ገበሬ ሦስት አራተኛ ደም ያላትን ብንሸጥለት፣ ከስታ ወተቷ ሲነጥፍ የሚታማው እርሱ ሳይሆን እኛ ነን። ዋጋዋ ዝቅ ቢልም ከቦረና ላም የተገኘችውን ግማሽ ደም እንምከረው። ገዢ ያለውን ሁሉ መፈጸምም አገልግሎት አይደለም፤ ጊደሬን ከገዛ አባቷ ዘር አዳቅሉልኝ የሚለውን በትሕትና እምቢ ማለት ይገባል።

ሦስተኛ፣ አገልግሎታችን ከብቲቱ ከበራችን ስትወጣ አያብቃ። ብሔራዊው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማእከል በቃሊቲ ከተቋቋመ ወዲህ የምርጥ ኮርማ ዘር ለአነስተኛው አርቢም መድረስ ችሏል። ዘሩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ፣ ለዓመታት ይቆያል፤ ላሚቱ ግን አትቆይም። ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን ያንሳል። ጧት የታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጧት መዳቀል ይኖርባታል። አዳቃዩ «እመጣለሁ» ብሎ ቢቀር 21 ቀን ይባክናል፤ የእነዚያን ቀናት መኖ የሚከፍለውም ገዢው ነው። መምጣት ካልተቻለ በጊዜው መንገር ምንም ወጪ የማይጠይቅ ትልቅ አገልግሎት ነው።

እኒያ እናት ከዓመታት በኋላ ጎረቤታቸውን አስከትለው መጡ። ጎረቤቲቱ አንዲት ጊደር መርጠው ገና ዋጋ ሳይጠይቁ፣ እርሳቸው «ይህችስ መንታ ናት?» አሉኝ። መዝገቡን አምጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። እስክጨርስ ቆመው አዳመጡ። በአንድ ቀን ዝምታ የጠፋ አመኔታ ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚመለስ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።