የእናቶቻችን ጌጥ ከመቅለጡ በፊት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደምታስታውሱት፣ በየወሩ ስብሰባችን ሲያበቃ፣ ቡናው እየተፈላ፣ እያንዳንዳችን አንድ የቆየ ጌጥ ከቤት ይዘን እንድንመጣ ተስማምተን ነበር። ሀብት ለመተያየት አልነበረም። ጌጡ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደመጣ ለመጫወት ነበር። ዛሬ ከዚያ ጨዋታ ያገኘነውን እንነግራችኋለን፤ ለጉባኤው ውሳኔ የምናቀርበው ሐሳብም አለን።

ድሪ መጣ፣ አልቦ መጣ፣ አምባርና ጉትቻ፣ የፀጉር ወለባ፣ የአንገት መስቀል መጣ። ከወሎ የሆነች እህታችን የእናቷ ክታብ ይከተትበት የነበረውን የብር መያዣ አሳየችን። ከሁሉ ይልቅ ያነጋገሩን ግን ምስል ያለባቸው ጌጦች ናቸው።

አንዷ እናታችን በማተቧ ላይ ከመስቀሏ ጎን የምታንጠለጥለውን የኩክ ማውጫ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከመካከላችን ወጣቶቹ ምን እንደሆነ አላወቁትም። ታችኛው ጫፉ እንደ ትንሽ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ ነው፤ አናቱ ላይ ደግሞ ወፍ ተቀምጣበታለች። የጆሮ ኩክ በሚወጣበት ዕቃ ላይ ወፍ ምን ትሠራለች ብለን ጠየቅናት። «እርግብ ናት። አያቴ ከማይጨው በሕይወት ሲመለስ ለሚስቱ ያሠራላት ናት» አለችን። ያቺ እርግብ ሚዛን ላይ ብትወጣ ጥቂት ግራም ብትሆን ነው። በዚያ ቤት ግን ከማይጨው የተረፈው ማስታወሻ እሷ ብቻ ናት።

ሁለተኛው ጠገራ ብር ነው። ማንጠልጠያ ተበይዶለት በአንገት የሚውለውን ማለታችን ነው። በላዩ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ የ16 ልጆች እናት ነበረች። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከሞተችም በኋላ ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መታተሙ ቀጥሏል። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላ የታተመውም «1780» ይላል፤ ዓመተ ምሕረቱን አይታችሁ የጌጡን ዕድሜ አትቁጠሩ። በአገራችን ገበያ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሮ፣ በ1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ቦታውን ለቀቀ። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኞቻችንም መስቀሉን፣ አልቦውን፣ ድሪውን ሲሠሩ የኖሩት በአብዛኛው ይህንኑ ጠገራ እያቀለጡ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። እናቶቻችን ባንክ ስላልገቡ ቆጣቢ አልነበሩም ማለት አይደለም። መሬቱም ከብቱም በባል ስም በሚጠራበት ቤት፣ በአንገትና በእግር ላይ ያለው ብር የሴቲቱ የራሷ ጥሪት ነበር። እህሉ በያዘ ዓመት አንድ ይጨመራል፤ በክፉ ቀን አንድ ይወልቃል። እኛ በየወሩ ሣጥን ውስጥ የምንጥለውን እነሱ በገላቸው ይዘውት ዞሩ።

ስለዚህ ጌጥ መሸጥ ነውር ነው አንልም። ከመካከላችን አንዷ የእናቷን አልቦ ሸጣ የልጇን ትምህርት አስጨርሳለች። ልጅቷ ዛሬ ነርስ ናት። አልቦው የተሠራለትን ሥራ ሠርቷል፤ እናቷም ብታይ ደስ ይላት ነበር።

የሌላዋ እህታችን ነገር ግን የተለየ ነው። ልጇ በድንገት ታሞ ሆስፒታል በገባ ማግሥት ድሪዋን ይዛ ወደ አንድ ወርቅ ቤት ሄደች። ተመዘነ፣ ዋጋ ተነገራት፣ ሳትከራከር ተቀበለች። ልጁ ዳነ፤ ተመስገን። ከሁለት ወር በኋላ ገንዘብ አሰባስባ መልሳ ልትገዛው ብትሄድ ድሪው ቀልጧል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት የብሩ ዋጋ አይደለም። አያቷ ለወለደችው ልጅ ሁሉ፣ ለሞቱትም ጭምር፣ በድሪው ላይ አንድ አንድ የብር ፍሬ አስጨምራ ነበር። ፍሬዎቹ ስንት እንደነበሩ አሁን በቤቱ የሚያውቅ የለም።

አንዴ የቀለጠ ለምን እንደማይመለስ አሠራሩን ያየ ሰው ይገባዋል። አንጥረኛው መስቀሉን ወይም ወፏን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍንና በእሳት ያግለዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ብር ወይም ወርቅ ይፈስበታል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል። ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። ጭቃው ስለሚሰበር በዚህ መንገድ የተሠሩ ሁለት ጌጦች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። የእርግቧ መንትያ በሌላ ቤት የለችም።

እንግዲህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የጌጥ መዝገብ ይከፈት። ጸሐፊያችን በአንድ ደብተር ላይ የእያንዳንዱን ጌጥ ነገር ትጻፍ፦ ምን እንደሚባል፣ መጀመሪያ ማን እንዳደረገችው፣ በምን ምክንያት እንደተሠራ ወይም እንደተሰጠ፣ በየትኛው አገር እንደተሠራ፣ አንጥረኛው ከታወቀ ማን እንደነበረ፣ ስንት ግራም እንደሚመዝን። ከፊትም ከኋላም በስልክ ፎቶ ይነሣ። ጌጡ በባለቤቷ ቤት ይቆያል፤ ማኅበሩ የሚሰበስበው ታሪኩን ነው። ጌጡ ከዚህ በፊት የተሸጠባት እህትም የምታስታውሰውን ታስጽፍ፤ የነርሷ እናት አልቦ በመዝገቡ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢሰፍር ደስ ይለናል። በዕድሜ የገፉት እናቶቻችን ይቅደሙ፤ እነሱ ካለፉ የምንጠይቀው የለንም።

ሁለተኛ፣ ለድንገተኛ ችግር የሚሆን አነስተኛ ብድር ከቁጠባችን ይለይ። አንዲት አባል በአንድ ሌሊት ገንዘብ ሲያስፈልጋት ጌጧን በመያዣነት ባለ ሦስት ቁልፍ ሣጥናችን ውስጥ ታስቀምጥ፤ ብድሯን ስትከፍል እንዳለ ትውሰድ። ቁልፎቹ በሦስት የተለያዩ ሴቶች እጅ ስለሆኑ ማንም ብቻዋን አትከፍተውም። ተበዳሪዋ በጊዜው መክፈል ካቃታት ጉባኤው ቀን ያራዝማል እንጂ ጌጡ እንዳይሸጥ በደንባችን ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ መሸጥ የቆረጠች እህት ብቻዋን አትሂድ። አስቀድማ ክብደቱን ትወቅ፤ ከአንድ በላይ ወርቅ ቤት ትጠይቅ፤ አንዲት አባል አብራት ትሁን። ዋጋ የሚወድቀው በአብዛኛው ሻጯ ተቻኩላ ብቻዋን ስትቆም ነው።

ስለ አያያዙም አንድ ቃል እንጨምር። ብር መጥቆሩ ያለ ነው፤ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ እጠቡትና በደንብ አድርቁት። በረኪና ግን አታስነኩት፤ ብሩን ይጎዳዋል። በአሸዋም አትፈትጉት፤ የአንጥረኛውን የእጅ ሥራ ይፍቀዋል።

ደጋፊዎቻችን፣ ለእናንተም የምንለው አለን። አንዳንዶቻችሁ ከቅንነት ተነሥታችሁ «ጌጡን እንግዛችሁና ገንዘቡ ይርዳችሁ» ብላችሁናል። አሳባችሁን እናከብራለን። ነገር ግን በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ እኛም ቢሆን አሮጌው ጌጥ ከቤቱ ባይርቅ እንመርጣለን። ልትረዱን ከወደዳችሁ ለድንገተኛ ብድሩ ሣጥን ጨምሩ። በዚያ ገንዘብ አንዲት እናት ልጇን ታሳክምበታለች፤ የአያቷም ድሪ ለልጅ ልጇ ይደርሳል።

እህቶቻችን፣ በሚቀጥለው ወር መዝገቡ ይከፈት ዘንድ ዛሬ በድምፃችሁ ወስኑልን። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከሣጥናችሁ ሥር ያለውን አውጡና ልጆቻችሁን ሰብስቡ። ጌጡ የማን እንደነበረ ንገሯቸው፤ ፍሬ ካለውም አብራችሁ ቁጠሩት።