የማይዘጋው የድምፅ ክብ



ቀያሽ ዞሮ ከተነሣበት ችካል ሲመለስ ጥቂት ስሕተት ይተርፈዋል፤ ይኽንንም ለነጥቦቹ ያከፋፍላል። ፒያኖ ቃኚንም ይኸው ይገጥመዋል። «አምስተኛ» በሚባለው የ3 ለ2 የንዝረት ንጽጽር 12 ጊዜ ሽቅብ ቢወጣ 129.746 እጥፍ ይደርሳል፤ 7 ኦክታቭ ግን 128 እጥፍ ነው። ይህ የ1.4 በመቶ ያህል ትርፍ የፓይታጎራስ ኮማ ይባላል። የቀያሹን ስሕተት የተሻለ መሣሪያ ይቀንሰዋል፤ ኮማን ግን ምንም አይቀንሰውም፤ 3 በራሱ ስንት ጊዜ ቢባዛ 2 በራሱ ከተባዛው ጋር እኩል አይሆንምና።

ስለዚህ ጥያቄው ትርፉን ማን ይሸከመው የሚል ነው። በአንድ አምስተኛ ላይ ሲከመር ጆሮ የማይታገሠው «ተኩላ» ይወለዳል። የቻይናው ልዑል ዡ ዛይዩ በ1584 እ.ኤ.አ. 12 ጊዜ ሲባዛ 2 የሚሆነውን ቁጥር አስልቶ ሸክሙን ለሁሉም እኩል አካፈለ። የዛሬው ፒያኖ በዚሁ ስሌት ይቃኛል፤ የአምስተኛው ጉድለት እምብዛም አይሰማም፤ የ5 ለ4ቱ «ሦስተኛ» ግን ከንጹሕ መጠኑ 0.8 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይኖራል።