ውርስ ማለት ምን ማለት ነው?

(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



አባት በሞተ ጊዜ እንባው ሳይደርቅ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ምን ይወስዳል?» የሚል ነው። የማውቃቸው ወንድማማቾች በአባታቸው ተዝካር ማግስት ከብቱንና የቤቱን ዕቃ ተካፈሉ። ወር ሳይሞላ አንድ ባለገንዘብ አባታቸው የፈረሙለትን ወረቀት ይዞ መጣ። ታናሹ ድርሻውን ሸጦ ጨርሶ ነበር፤ ታላቁም «ብቻዬን አልከፍልም» አለ። እናታቸው ደግሞ የራሳቸው ድርሻ ሳይለይላቸው ባዶ ቤት ቀሩ። ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ይህን ያመጣው ስስት ብቻ አይደለም፤ ውርስ ምን እንደሆነ አለማወቅም ጭምር ነው።

«ርስት» እና «ውርስ» ሁለቱም «ወረሰ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ውርስ ሲባል ለብዙዎቻችን ፊት ለፊት የሚታየን መሬት ነው። ነገር ግን የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከግል ባለቤትነት ወጥቷል፤ ዛሬ ገበሬ ለልጁ የሚያወርሰው የመጠቀም መብቱን ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 826 ውርስን ከመሬትም ከዕቃም አስፍቶ ያየዋል። ይኸውም በሞት የማይቋረጡት የሟቹ መብቶችና ግዴታዎች ባንድነት ናቸው። ሟቹ ያበደረው ውርስ ነው፤ የተበደረውም ውርስ ነው። በሞቱ ምክንያት ለሚስቱና ለልጆቹ የሚከፈለው የጡረታ አበል ግን ከውርሱ አይቆጠርም።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ውርሱ ከወራሾቹ የግል ሀብት ተለይቶ ለብቻው ይቆማል። የአጣሪው ሥራም ወራሾቹን ማወቅ፤ ለሟቹ የሚገባውን መሰብሰብና ዕዳውን መክፈል ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ሳይናዘዝ ሞተ እንበል። ከሚስቱ ጋር ያፈሩት የጋራ ሀብት 800,000 ብር ያወጣል። ግማሹ፤ 400,000 ብር፤ ቀድሞውንም የሚስቱ ነው፤ ከውርሱ አይገባም። በሕጉ ያለ ኑዛዜ ከሚወርሱት ተራ ውስጥ ሚስት ስላልተቆጠረች፤ ይህ ግማሽ ካልተለየላት እጅግ ትጎዳለች። ከቀረው 400,000 ላይ በቁጥር 1014 ተራ መሠረት መጀመሪያ የቀብሩ ወጪ 20,000፤ ቀጥሎ የማጣሪያው ወጪ 20,000፤ ከዚያም ከጋብቻው በፊት የተበደረው 60,000 ይከፈላል። የተረፈው 300,000 ብር ለሦስቱ ልጆች እኩል 100,000 ይደርሳቸዋል። ሴቷ ከወንዱ አታንስም፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም ከሌሎቹ አያንስም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ በየመንደራችን «አንተ ተምረሃል፤ አንቺ ታውቂያለሽ» ተብለን ለሽምግልና እንጠራለን። ያን ጊዜ «ማን ምን ይወስዳል?» ለሚሉን፤ «መጀመሪያ የማን ነበር? ምን ዕዳ አለበት?» ብለን እንመልስላቸው። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ እናትን ከባዶ ቤት፤ ወንድማማችን ከክስ ያድናል።