ሴክሮፒያ ስለሚባል የእሳት ራት የተነገረ

ልጆች ሆይ፤ ማታ በመብራት ዙሪያ የሚዞረውን የእሳት ራት ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ስለሚኖረው፥ ሴክሮፒያ ስለሚባለው ነው። ክንፉ ሲዘረጋ 15 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ በዚያ አገር ከሚራቡት የእሳት ራቶች በትልቅነቱ የሚወዳደረው የለም።

ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ከሐር ቤቱ ይወጣል። የሚበላበት አፍ ስለሌለው ዕድሜው ከሁለት ሳምንት ብዙ አያልፍም። ሴቲቱ በሌሊት ሽታዋን ለነፋስ ትሰጣለች፤ ወንዱም ላባ በመሰለው ቀንዱ ሽታውን ተቀብሎ ከአንድ ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ርቀት ይመጣል። እርስዋም እንቁላልዋን በቅጠል ላይ ጥላ ትሞታለች።

የሚፈለፈለው አባጨጓሬ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። በእኛ ክረምት ሲሆን በእነርሱ የሙቀት ወራት ነውና፥ የሜፕልና የቼሪ ዛፍ ቅጠል እየበላ፥ ቆዳውን አራት ጊዜ እየለወጠ ያድጋል። በመጨረሻም አረንጓዴ ይሆናል፤ በጀርባው ላይ ቀይና ቢጫ፥ በጎኑም ሰማያዊ ዶቃ የመሰለ ጉብታ ይታያል። የዕድሜውን ሁሉ ስንቅ የሚሰበስበው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው።

ጥፋትም የሚያገኘው በዚሁ ጊዜ ነው። በ1860ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ትሩቭሎ የሚባል ፈረንሳዊ ሌላ ዓይነት የእሳት ራት ከአውሮፓ ወደ ማሳቹሴትስ አስመጣ። አመለጠውና ደኑን ያራቁት ጀመር። ያንን ተባይ እንዲያጠፋ በ1906 አንድ ዝንብ ከአውሮፓ ተወሰደ። ዝንቡ ትሉን በአባጨጓሬ ገላ ውስጥ ያኖራል፤ ትሉም ከውስጥ እየበላ ይገድለዋል። ሐሳቡ መልካም ይመስል ነበር። ነገር ግን ተባዩ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሲፈለፈል፥ ዝንቡ ደጋግሞ ይዋለዳል። የተባዩ ወራት ባለፈ ጊዜ ለልጆቹ ማደሪያ ሲፈልግ ሴክሮፒያን በቅጠሉ ላይ ያገኘዋል። በ2000 የታተመ ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ በማሳቹሴትስ ዛፎች ላይ ከተለቀቁት 500 የሴክሮፒያ አባጨጓሬዎች አንድ እንኳ ሐር እስኪፈትል አልደረሰም፤ ዝንቡም ከጠላቶቻቸው ዋናው ሆኖ ተገኘ።

ያመለጠው ግን ሐሩን ፈትሎ በቅርንጫፍ ላይ ቡናማ ቤት ይሠራል፤ በረዶው እስኪያልፍም በውስጡ ይተኛል። ብርዱ ይገድለዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ካሮል ዊሊያምስ የሚባል የሃርቫርድ ሊቅ በ1940ዎቹ እንዳሳየው፥ አንጎሉ ለብዙ ሳምንት ብርድ ካልቀመሰ በጊዜው አይነቃም። በሞቀ ቤት ያኖሩት እንደ ሆነ፥ ጓደኞቹ በግንቦት ሲበሩ እርሱ ገና ተኝቶ ይገኛል።