ያልታየ ሁሉ የሞተ አይደለም
(ስለ ዓሣ ጫጩቶች ጉዞና ስለ አቆጣጠሩ ብልሃት በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የላስታን ተራሮች መነሻ አድርጎ ስለ ዓሣ መናገር ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። የደጋው ሰው ኑሮው ከገብስና ከበግ ጋር ነው፤ በላሊበላ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚያልፈው ዮርዳኖስ እንኳ ክረምቱ ካለፈ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ የሚታይ ቦይ ነው። ነገር ግን ታላቁ ተከዜ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ነው። ከላስታ በስተ ምዕራብ ካለው ከጉና ተራራም ርብና ጉማራ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ስለዚህ ደጋው የውሃው ራስ ነው፤ በራስጌው የሚደረገው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ግርጌው ይወርዳል። በዚህ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ፍጥረት እየበዛ ወይም እያነሰ መሄዱን ለማወቅ የሚያስፈልገው ብልሃት ምን እንደሆነ ዛሬ በአጭሩ ለመግለጥ እሞክራለሁ።

በጣና ሐይቅ ሊቃውንት ላቤዮባርበስ የሚሏቸው፣ ሕዝቡም በተለምዶ ነጭ ዓሣ የሚላቸው፣ አሥራ አምስት ያህል ዓይነት ዓሦች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲበረታ፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ከሐይቁ ወጥተው በርብ፣ በጉማራና በመገጭ ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ከእንቁላሉ የሚወጣው ጫጩት ጥቂት ጊዜ በወንዙ ቆይቶ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በዚህ ጉዞ ላይ ጠላቱ ብዙ ነው።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2004 ማርቲን ደ ግራፍና የሥራ ጓደኞቹ ያወጡት ጥናት፣ ከ1991 ጀምሮ በነበሩት አሥር ዓመታት ውስጥ በወንዝ የሚዋለዱት የጣና ዓሦች በክብደት ሲለኩ ከመቶ 75 ያህል እንደ ቀነሱ፣ ታዳጊዎቹም ከመቶ 90 ያህል እንዳነሱ አመልክቷል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ለዚህም ዋና ምክንያት ሆኖ የተገመተው፣ እንቁላል ለመጣል በወንዝ አፍ የተሰበሰቡትን ዓሦች በመረብ ጠርጎ ማውጣትና የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውሃው ውስጥ በመበተን ዓሣውን ማደንዘዝ ነው።

ይህ ጥናት የተደገፈው አንድ ዓይነት መረብ በየዘመኑ የያዘውን በማነጻጸር ነው። ዓሣው ማነሱን በግልጥ ያሳያል፤ ዳሩ ግን ጫጩቱ ያለቀው በየትኛው የመንገዱ ክፍል ላይ እንደሆነ ለይቶ አይነግረንም። በጠጠሩ ላይ ነውን? ገበሬው በተከለው የውሃ መሳቢያ ሞተር ተስቦ ነውን? ወይስ ሐይቁ ዳር ከደረሰ በኋላ ነው? የጥፋቱ ስፍራ ካልታወቀ መድኃኒቱም የት እንደሚደረግ አይታወቅም።

እንግዲህ አንድ ሰው «በወንዙ ላይና በወንዙ ታች ቆመን ብንቆጥርስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ችግሩ ግን የክረምት ውሃ ደፍራሳ ነው፤ መረብም ከሚያልፈው ሁሉ የሚይዘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ከታች የተያዘው ጥቂት ቢሆን፣ ጫጩቱ አልቆ ነው ወይስ ሳይታይ አልፎ ነው? ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አንድ ቆጣሪ ብቻውን ሊያውቅ አይችልም። የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ በእግራቸው የሚመጡትን ምእመናን እናስብ። ከሰቆጣ የተነሡ 1000 ምእመናን በክንዳቸው ላይ ቀይ ክር ታሰረላቸው እንበል። ከመካከላቸው ታመው ወይም ደክመው ከመንገድ የሚቀሩ አሉ። በመንገዱ አጋማሽ ባለ አንድ የወንዝ መሻገሪያ ላይ አንድ ቆጣሪ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ሌሊት የሚያልፉ አሉ፤ በሌላ መሻገሪያ የሚያልፉም አሉ። ቆጣሪው ቀይ ክር ያሰሩ 240 ሰዎች አየ፤ ላያቸውም ሁሉ በቀዩ ላይ ነጭ ክር ጨመረላቸው። ችኩል ሰው ይህን ሰምቶ «ከ1000 መሻገሪያው የደረሱት 240 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ከመንገድ ቀርተዋል» ብሎ ይፈርዳል።

አሁን ሁለተኛ ቆጣሪ በቤተ ማርያም ደጅ እናቁም። እርሱም ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ሁሉን ማየት አይችልም፤ ቀይ ክር ያሰሩ 150 ሰዎች ብቻ አገኘ። ከነዚህ መካከል ነጭ ክር የተጨመረላቸው 60 ናቸው። እነዚህ 150 ሰዎች ሁሉ ላሊበላ ስለ ደረሱ መሻገሪያውን በሕይወት ማለፋቸው የተረጋገጠ ነው፤ የመጀመሪያው ቆጣሪ ግን ከነርሱ ያየው 60ውን ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያ ቆጣሪ ዓይን ከሚያልፉት ከመቶ 40 ያህሉን ብቻ የሚይዝ ነው ማለት ነው። 240ው ከመቶ 40 ከሆነ ሙሉው 600 ይሆናል። እንግዲህ መሻገሪያውን ያለፉት ከ1000 ወደ 600 ይጠጋሉ እንጂ 240 አይደሉም። በችኮላ ፈራጁ ዘንድ እንደ ጠፉ ከተቆጠሩት መካከል 360ው በደኅና አልፈዋል።

የዚህ ብልሃት ምሥጢር ሁለተኛው ቆጣሪ የመጀመሪያውን ቆጣሪ የሚመሰክርበት መሆኑ ነው። የሁለተኛውን ዓይን የሚመሰክር ሦስተኛ ከሌለ ግን በመጨረሻው መንገድ ላይ የቀረውንና ያልታየውን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ማወቅ ከምንፈልገው ስፍራ አልፎ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ቆጣሪ ያስፈልጋል።

የሐሳቡ መነሻ የቆየ ነው። የዴንማርኩ የዓሣ ሊቅ ፒተርሰን በ1896 ዓሦችን ምልክት እያደረገ በመልቀቅና መልሶ በመያዝ ብዛታቸውን ለመገመት የሚያስችል መንገድ አሳየ። በ1964 ኮርማክ፣ በ1965 ደግሞ ጆሊና ሴበር፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ባወጡት ጽሑፍ፣ በሕይወት መቆየትንና መታየትን ለይቶ የሚያሰላውን የስታቲስቲክስ መንገድ አጸኑት፤ ዛሬም በሦስቱ ስም ይጠራል።

ይህ መንገድ በሰፊው ከሠራባቸው ስፍራዎች አንዱ በሰሜን አሜሪካ በኮሎምቢያና በስኔክ ወንዞች ላይ ነው። ሳልሞን የተባለው ዓሣ ከባሕር ርቆ በወንዝ ይፈለፈላል፤ ጫጩቱ ወደ ባሕር ወርዶ ካደገ በኋላ ዘሩን ለመተካት ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ ይመለሳል። ከስኔክ ወንዝ ላይኛ ክፍል የሚነሣው ጫጩት ባሕር እስኪደርስ ስምንት ግድቦችን ማለፍ አለበት፤ ከነዚህ ወደ ባሕሩ የሚቀርበው ቦንቪል የተባለው ግድብ ሥራ የጀመረው በ1938 ነው። ከ1987 ጀምሮ 12 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በመስታወት የተሸፈነ፣ ባትሪ የማያስፈልገው ምልክት በጫጩቱ ሆድ ውስጥ ይገባ ጀመር። ዓሣው በግድቡ መተላለፊያ ሲያልፍ በዚያ የተተከለው መሣሪያ ቁጥሩን ያነባል፤ እያንዳንዱ ግድብ እንደ አንድ ቆጣሪ ሆነ ማለት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጫጩቶች በዚህ መንገድ ስለ ተቆጠሩ፣ በየትኛው ግድብና በየትኛው መተላለፊያ ምን ያህሉ እንደሚሞቱ መለየት ተቻለ። ክርክሩ ባያበቃም የሚከራከሩት ሰዎች በእጃቸው መለኪያ አላቸው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ እውነት የሚናገረው መሠረቱ ሲጠበቅ ነው። ምልክቱ የሚወልቅ ከሆነ ወይም ምልክት ማድረጉ ራሱ ጫጩቱን የሚያደክመው ከሆነ፣ በሕይወት ያለው እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ደካማው ስለ ሞተም ጤነኛው ሁሉ ይሞታል ተብሎ ይፈረዳል። ደግሞም በመጀመሪያው ቆጣሪ የተያዘው፣ ካልተያዘው ይልቅ በሁለተኛው የሚያዝ ወይም የሚያመልጥ መሆን የለበትም። ለምሳሌ ሁለቱም መረቦች ከወንዙ ዳር ብቻ ቢዘረጉ፣ ዳር ዳሩን የሚሄደው ሁለት ጊዜ ይያዛል፤ በመካከል የሚሄደው ከቶ አይታይም፤ ስሌቱም ይሳሳታል።

ከዚህም ሌላ፣ ከስሌት የሚገኝ ቁጥር ያለ ዳርቻው ሊነገር አይገባም። በምሳሌአችን 600 ያልነው በ500 እና በ750 መካከል ሊሆን ይችላል ማለት ይበልጥ ትክክል ነው። በቤተ ማርያም ደጅ የተገኙት 150 መሆናቸው ቀርቶ 15 ቢሆኑ፣ ከነርሱም 6ቱ ነጭ ክር ቢኖራቸው፣ መካከለኛው ግምት ያው 600 ነው፤ ዳርቻው ግን ከ370 ጀምሮ እስከ 1000ው በሙሉ ይዘረጋል። እንዲህ ያለው ቁጥር አዋቂ ቢመስልም የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ቁጥር ሲቀርብልን «በስንት ላይ የተመሠረተ ነው? ዳርቻውስ?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ይህን ለመጀመር የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በጣት የሚያህል ጫጩት የአንዱን ክንፍ ጫፍ በጥንቃቄ መቁረጥ እንደ ቀዩ ክር ያገለግላል፤ በመጀመሪያው መቆጠሪያ ደግሞ የሌላውን ክንፍ ጫፍ መቁረጥ እንደ ነጩ ክር ይሆናል። የሚያስፈልገው ትዕግሥት፣ የሠለጠነ እጅና በየዓመቱ የማይቋረጥ መዝገብ ነው። ወንዙን በሌሊትና በጎርፍ የሚያውቁት ዓሣ አሥጋሪዎችና የወንዝ ዳር ገበሬዎችም ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ ጋር አብረው ሊሠሩ ይገባል።

ጊዜውም ይህን ይጠይቃል። በተከዜ ላይ በ2009 የተፈጸመው ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ በኋላው የተኛው ሐይቅ በዋግ ኽምራ በኩል ላሉ ወጣቶች የዓሣ ሥራ ከፍቷል። በርብ ወንዝ ላይም የመስኖ ግድብ ተሠርቷል። መስኖም መብራትም ለአገር የሚያስፈልጉ ናቸውና በነርሱ ላይ የሚነሣ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ግድብ ከመሠራቱ በፊት ያልተቆጠረ ዓሣ፣ ግድቡ ከተሠራ በኋላ ስንቱ እንደ ጠፋ ሊታወቅ አይችልም። ዓሣው በሚያንስበት ጊዜ ገበሬው አሥጋሪውን፣ አሥጋሪው ግድቡን፣ ግድብ ሠሪውም ብርብራ በታኙን ይከሳል፤ ምስክር ስለሌለ ግን ለማንም ሊፈረድ አይችልም። ያለ ምስክር ጥፋተኛ የተባለ ድሀ አሥጋሪ መረቡን ይነጠቃል፤ እውነተኛው ምክንያት ሌላ ከሆነ ግን ጫጩቱ ማለቁን አይተውም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ቁጥር ብቻውን ዓሣ አያድንም። ሆኖም ያልታየውን ሁሉ ሞቷል ከማለትና የታየውን ብቻ ይዞ ሁሉ ደኅና ነው ከማለት ይጠብቀናል። ከላስታና ከጉና የሚወርደው ውሃ በሌላ ዓለም የማይገኝ ፍጥረት የሚመግብ ነውና፣ ከመፍረዳችን በፊት ሁለተኛውን ቆጣሪ እናቁም።